ከፈረንሳይ እስከ ጃን ሜዳ፦ ብቻዬን ስሮጥ የምጠነቀቃቸው ነገሮች

ጠዋት ጠዋት እንደምሮጥ የሰማች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጫማዬ ወይም ስለ ኪሎዬ አይደለም። «አትፈሪም እንዴ?» ነው የምትለኝ። እፈራለሁ እንጂ! አዲስ አበባ ውስጥ በማለዳ ብቻዋን ከግቢ የምትወጣ ሴት ባትፈራ ነው የሚገርመው። ግን ፍርሃቴን ለያይቼ ነው የያዝኩት። የመኪናው ሌላ ነው፣ የውሻው ሌላ፣ የሰው ደግሞ ሌላ። ለእያንዳንዱ የማደርገው ነገር አለኝ። ይህን የምጽፈውም ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ብሏቸው፣ ጫማ ገዝተው፣ ከበር ላይ ለሚመለሱ ሰዎች ነው። በተለይ ለሴቶች።

የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። መንገዴ ቁልቁል ወደ ጃን ሜዳ ወርጄ፣ በ6 ኪሎ ዞሬ መመለስ ነው። ስኳር በቤተሰባችን አለ። እናቴም አክስቴም ታመውበታል። እኔ ጋ ሳይደርስ ልቅደመው ብዬ በእርምጃ ጀመርኩ። እርምጃው ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው ቀስ በቀስ ሩጫ ሆነ። ፈጣን አይደለሁም። ቢሆንም የሰፈር ልጆች «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ይከተሉኛል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ እነሱ ቀርቶ ወላጆቻቸውም ልጆች ነበሩ።

ከሁሉም በፊት ሰዓት። ብዙ ሰው አትሌቶቹን አይቶ በጨለማ ይወጣል። ሰንዳፋና ሱሉልታ ላይ ገና ሳይነጋ ይሮጡ የለ እንዴ ይላል። ይሮጣሉ። ግን እነሱ በቡድን ናቸው፣ አሰልጣኝ አላቸው፣ ብዙ ጊዜም መኪና ከኋላቸው ይከተላል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ ከፊት ለፊቴ የሚመጣውን ሰው መልክ መለየት የምችልበት ብርሃን ሳይኖር አልወጣም። ሰዓት ሳይሆን ብርሃን ነው የማየው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ ትቀድማለች፣ ጥር ላይ ትዘገያለች። ግንቦት ላይ በ12 ሰዓት በደህና የወጣ ሰው ጥር ላይ በዚያው ሰዓት ቢወጣ ጨለማ ውስጥ ነው የሚገባው። ማታም እንደዚሁ ነው፤ እኛ አገር አመሻሹ አጭር ነው። ፀሐይ ገባች ሲሏት ወዲያው ይጨልማል። «ትንሽ ልጨምር» ብሎ ሩቅ የሄደ ሰው ሲመለስ መንገዱን አያየውም።

እርግጥ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ነገሩ በየቦታው ተለያይቷል። 4 ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ቦሌ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱም ሌሊቱን ቀን አስመስሎታል። እዚያ ማታ 2 ሰዓት ላይ እናት ከልጇ ጋር ስትሮጥ አይቻለሁ። ሆኖም ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ ሲሉ ጨለማው ያው የድሮው ነው። ችግር የሚገጥመው ብዙ ጊዜ በዚያ በብሩሁ መንገድ ላይ አይደለም። ከእሱ ወጥቶ ቤት እስኪደርሱ ባለችው ቅያስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማታ የሚሮጥ ሰው የሩጫውን መንገድ ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ያስብበት። ብሩሁ ላይ ሩጡ፣ ወደ ቤት ግን በታክሲ ግቡ። አያሳፍርም።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ሁሉ «መንገድሽን በየቀኑ ቀያይሪ» ይላል። ማንም ልማድሽን እንዳያውቅ ነው ነገሩ። እኔ ግን አንድ መንገድ ይዤ መታወቁን መረጥኩ፤ እስካሁንም የረዳኝ እሱ ነው። ሰፈራችን በማለዳ ባዶ አይደለም። ጋቢ ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው በየበሩ የሚያድሩ ጥበቃዎች አሉ። መንገድ የሚጠርጉት እናቶች ገና ሳይነጋ ሥራ ላይ ናቸው። ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ ሰዎች አሉ። ጾም ሲሆን እንዲያውም ይበዛሉ። ረዳቶች ሚኒባሳቸውን ያጥባሉ። ከነዚህ ሰዎች ጋር መተዋወቅ ምንም አያስወጣም። «እንደምን አደሩ» ማለት አንዲት ትንፋሽ ናት። እየሮጥኩ እላታለሁ፣ እነሱም ይመልሳሉ። ቆይቶ አንዱ ጥበቃ «ዛሬ አረፈድሽ ልጄ» ማለት ጀመሩ። አንዲት ጠራጊ ደግሞ «ወደዚያ አትሂጂ፣ ውሾች ተሰብስበዋል» ብላ መለሰችኝ። ይህንን የትኛውም ስልክ ላይ የሚጫን አፕ አይሰጠኝም።

መታወቅ ጣጣም አለው፤ አልደብቅም። አንድ ሰሞን አንዲት ነጭ ቪትዝ ከጎኔ ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች። ሹፌሩ መስታወት ዝቅ አድርጎ «ላድርስሽ?» አለኝ። የሚሮጥን ሰው የት ሊያደርስ ነው? ዝም ብዬ ቀጠልኩ። በማግስቱም መጣ። ያን ጊዜ ፊቴን አዙሬ በመጣሁበት መንገድ ወደ ኋላ ተመለስኩ። መኪና እንደ ሰው በአንድ እርምጃ አይዞርም፤ ከኋላው ሌላ መኪና ካለ ደግሞ ወደፊት ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ዞሮ እስኪመጣ ድረስ እኔ ያ ጥበቃ የሚቀመጡበት በር ደርሻለሁ። «ጋሼ!» ብዬ ጮክ አልኩ። «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዱላቸውን ይዘው አስፓልቱ ጠርዝ ላይ ወጥተው ቆሙ፤ መኪናዋ ስትደርስ ታርጋዋን ጎንበስ ብለው አዩ። እንዲታይላቸው ብለው ነው ጎንበስ ያሉት። ሹፌሩ ነዳጁን ረገጠና ሄደ።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጥበቃው ለቀጣዩ በር ጥበቃ ነገሩ። እሱ ለጠራጊዎቹ ነገረ። እኔ ሳልጠይቅ መንገዱ ሁሉ ያቺን መኪና ማየት ጀመረ። እኔም ለጥቂት ሳምንታት ሰዓቴን ወደ በኋላ ገፋ አደረግኩ። ታርጋዋንም ስልኬ ላይ ጽፌ፣ ለእህቴ ልኬ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ ቢመጣ ወደ 991 ልደውል ነበር፤ የአዲስ አበባ ፖሊስ ቁጥር ነው፣ በቃል ያዙት። ግን አልመጣም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መንገዱ ላይ የሚውሉት ሰዎች ይወቁሽ፤ ስልክ ላይ ያሉት ደግሞ አይወቁሽ። ስትራቫ የመሳሰሉት የሩጫ አፖች የሮጥሽበትን ካርታ ከነመነሻ በርሽ ለሰው ያሳያሉ። መነሻና መድረሻን የሚደብቅ ቅንብር አላቸው፣ ፈልጊና አብሪው። ፎቶ መለጠፍ የምትወድ ደግሞ ቤት ገብታ፣ ታጥባ፣ ቁርሷን በልታ ትለጥፍ። «ጃን ሜዳ ነኝ» ከማለት «ጃን ሜዳ ነበርኩ» ይሻላል።

ቤት ያለ አንድ ሰው ግን ማወቅ አለበት። እኔ ለእህቴ ቴሌግራም ላይ «ወጣሁ» እላለሁ፣ ስመለስ «ገባሁ»። በስንት ሰዓት እንደምመለስም ታውቃለች። ላይቭ ሎኬሽን ማጋራትም ይቻላል፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። የመመለሻን ሰዓት ተናግሮ መውጣት ኔትወርክ አይፈልግም።

ለከፋውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። አለ። ያበሳጫል። ቆሞ መልስ መስጠት ግን ሰውዬው የፈለገውን መስጠት ነው። ቦታው ሁልጊዜ ያው ከሆነ፣ ለምሳሌ ወጣቶች ተሰብስበው የሚያድሩበት ጥግ ከሆነ፣ በማዶ እሻገራለሁ። ሽንፈት አይደለም፤ እኔ የወጣሁት ልሮጥ ነው።

ስልክ ደግሞ በእጅ አይያዝ። መንታፊ የሚያየው እጅን ነው። 2011 ዓ.ም. ላይ ሞተር ሳይክል በከተማችን ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ ሲታገድ አንዱ ምክንያት ይኸው ንጥቂያ ነበር። እኔ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀጭን ቦርሳ ከልብስ ሥር አደርጋለሁ። ውስጡ ስልክ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ለታክሲ የሚሆን ብር፣ በቃ። ወርቅ የለም፣ ቀለበትም የለም። ማጅራት መቺ ከገጠመ ደግሞ አትታገሉ። ስልክ ይገዛል። ድልድይ ሥር፣ የቀበና ወንዝ ዳር ቁጥቋጦው፣ ግንባታ የቆመባቸው የታጠሩ ቦታዎች፤ እነዚህን በቀንም ቢሆን ብቻዬን አልገባባቸውም።

ኢርፎን የሚያደርግ አንድ ጆሮውን ብቻ ያድርግ። እኔ ጭራሽ ትቼዋለሁ። ያቺ ቪትዝ ከኋላዬ ፍጥነቷን ስትቀንስ የሰማሁት ጆሮዬ ክፍት ስለነበረ ነው።

ስለ መኪና ስናወራ፣ ትምህርት ቤት «ግራችሁን ይዛችሁ ተጓዙ» ተብለን የተማርነው ዝም ብሎ አልነበረም። መኪና በቀኝ ስለሚነዳ፣ በግራ የሚሄድ እግረኛ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያየዋል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሁሉ እኔ እንዲህ ነው የምሮጠው። መንገዱ የሚታጠፍበትና ማዶው የማይታይበት ቦታ ላይ ግን ቀድሜ እሻገራለሁ፤ ሹፌሩ ድንገት ከሚደርስብኝ ይሻላል። ማለዳ ላይ ሲኖትራክ ይበዛል፤ ከባድ መኪኖች ቀን ላይ የሰዓት ገደብ ስላለባቸው ነው። ከነሱ ጋር አብሮ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፣ እንቅልፍ የሚጥለው ሹፌር አለ። የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ቀድሞ ለመጫን የሚሽቀዳደም ሚኒባስም አለ። ዜብራ ላይ ነኝ ብሎ መተማመን አያዋጣም። ሹፌሩ ዓይኔን ካላየ አልሻገርም። እጄንም ከፍ አደርጋለሁ። ፀሐይ ልክ ስትወጣ ደግሞ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሹፌር ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ነው፤ እግረኛን ቀርቶ መብራቱንም በደንብ አያይም። በዚያች ሰዓት ቀስ ማለት ነው።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ጥቁር ቱታ ያምራል፣ ግን በድንግዝግዝ አይታይም። የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት ያ ቢጫው አንጸባራቂ ሰደርያ ከማንኛውም ውድ የስፖርት ልብስ ይበልጣል። መርካቶ የሥራ ልብስ የሚሸጥበት ይገኛል። አይቶ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ፤ ካየኝ በቂ ነው።

ውሻ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የአዲስ አበባ ውሾች ቀን ላይ ይተኛሉ። ሌሊቱ የነሱ ነው። ማለዳ ላይ ገና አልተበተኑም። አንድ ውሻ ችግር የለውም፣ መንጋ ሲሆኑ ግን ይደፋፈራሉ። ሩጫ ደግሞ ይቀሰቅሳቸዋል፤ የሚሮጥ ነገር ሁሉ የሚባረር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከሩቅ ሳያቸው ሩጫዬን አቆማለሁ። እራመዳለሁ። ጀርባዬን አልሰጥም፣ ዓይን ለዓይንም አልፋጠጥም። ከቀረቡ ድንጋይ እንደማነሳ ጎንበስ እላለሁ። የአበሻ ውሻ ይህችን ጎንበስ ማለት አሳምሮ ያውቃታል፤ ድንጋይ ባይኖርም ያፈገፍጋል። መወርወር ግን አያስፈልግም፣ የተመታ ውሻ ይብስበታል። ቡችሎች ያሏት እናት ካለች ጎንበስ ማለቱም አይሠራም፤ በሌላ መንገድ መሄድ ነው።

እኔን የነከሰኝ ግን የጎዳና ውሻ አልነበረም። በሩ ተከፍቶ የወጣ ባለቤት ያለው ውሻ ነው። ባትዬን ያዘኝ። ትንሽ ነበረች ቁስሏ፣ ሁለት ጥርስ ብቻ። ባለቤቱ «ምንም አይልሽም፣ የቤት ውሻ ነው» አሉ። «ተከትቧል?» ብዬ ጠየቅኩ። ወረቀቱ አልተገኘም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ይገድላል። ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ነው ትልቅ ነው የሚባል ነገር የለም። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። እዚያው ግቢያቸው ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ፣ በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። ሰዓት እያየሁ ነው ያጠብኩት፤ እጅ ይደክማል፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ቡና ዱቄት፣ በርበሬ፣ ምናምን አይነስነስበት። ከዚያ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ክትባቱ የለንም አለኝ። ነርሷ «ነገ ሞክሪ» ስትለኝ ነገን አልጠበቅኩም፤ በስልክ እየደወልኩ ያለበትን አገኘሁ። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፣ ብዙ መንከራተት ያድናል። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚወሰድ ነው። ቁስሉ ዳነ ብሎ መሀል ላይ ማቋረጥ አይቻልም። የቲታነስ መርፌም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ውሻው ባለቤት ካለው ደግሞ እንዳይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን በተመለከተ የሚወስነው ነገር ይኖራል።

ጸበል የሚወስድ ሰው ይውሰድ፤ እናቴም ወስዳኛለች። መርፌውን ግን ጸበሉ አይተካውም፣ እሷም ይህን ስለምታውቅ የወሰደችኝ መጀመሪያ ክትባቱን አስጨርሳኝ ነው።

እንጦጦን ሳልጠቅስ ባልፍ የሰፈሬ ሰዎች ይቀየሙኛል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ሰው በሰው ነው። በሥራ ሰዓት፣ በተሠራው መንገድ ላይ፣ ከሰው ጋር ከሆነ ደህና ነው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ያሉትን አቋራጮች ግን ብቻዬን አልሄድባቸውም፤ ጅብም አለ። ጅቡ ቀን ላይ አያስቸግርም፣ ሳይነጋና ከመሸ በኋላ ግን ጫካው የእሱ ነው። እግረ መንገዴን፦ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ልቀቁላቸው። እነሱ መቆም አይችሉም፣ እናንተ ትችላላችሁ።

ከውጭ ለምትመጡ ወገኖች ደግሞ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፣ እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥቶ በማግስቱ «እንጦጦን ልውጣ» አለ። እዚያ በሳምንት ብዙ ይሮጣል። ግማሽ ሳይደርስ ራሱን አዞረው፣ ተቀምጦ ቀረ። ለጥቂት ቀናት ሜዳ ላይ መራመድ፣ ውኃ መጠጣት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ራስ ምታት ከበረታ፣ ትውከት ከመጣ መውረድ እንጂ መታገል የለም። ብርዱ አያታልላችሁ፤ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907 ነው።

ክረምት ላይ ልማዴ ይቀየራል። ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ሳሙና እንደተቀባ ነው፤ ቁልቁለት ላይ እራመዳለሁ እንጂ አልሮጥም። ጎርፍ የሸፈነውን መንገድ አልረግጥም። ከሥሩ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድ ይሁን ዝም ያለ አስፓልት ማን ያውቃል? መብረቅ ካለ ዛፍ ሥር አልጠለልም፤ ጃን ሜዳን በመሰለ ገላጣ ሜዳ ላይም አልቆይም። አቅራቢያ ያለ ሱቅ ውስጥ እገባለሁ። ሁለት ቀን በተከታታይ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ደረጃ መውጣት መውረድም ሩጫ ነው።

አሁን ብቻዬን የምሮጥባቸው ቀናት እየቀነሱ ነው። ከሰፈር ሴቶች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን። ሁለቱ በየዓመቱ ለሴቶች የሚዘጋጀውን «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ለመሮጥ ነው የጀመሩት፣ ሌላዋ ሐኪም አዟት ነው። ሰው ሲበዛ ለከፋውም ውሻውም ይቀንሳል፤ ግን ቡድን ያለ ደንብ ቶሎ ይፈርሳል። የእኛ ደንብ ጥቂት ነው። መገናኛችን ጥበቃው በር ላይ እንጂ የማንም ቤት አይደለም። ከተባለው ሰዓት 5 ደቂቃ በላይ አንጠብቅም፤ ቆሞ መጠበቅ ያበርዳል፣ ትዕግሥትም ያስጨርሳል። የምትቀር ሴት ማታውኑ ትናገራለች። ከፊት የምትሮጠው ደግሞ ሁልጊዜ ከሁላችንም ቀርፋፋዋ ናት። ፈጣኗ ከፊት ከሆነች ቀርፋፋዋ ከኋላ ብቻዋን ትቀራለች፤ ያን ጊዜ በቡድን መውጣታችን ምን ጠቀመ? በዚህ ደንብ መሠረት እስካሁን ብዙውን ጊዜ ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ።